ማዘርቦርድ ከመግዛትህ በፊት ካርዱን ንቀለው

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ሐዋሳ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ፣ የሰርግ ቪዲዮም እሠራለሁ። ኮምፒውተሬ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፣ 4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5፣ ራሙ 16 ጊጋ። ከሁለት ወር በፊት ኤዲቲንግ ያፈጥንልኛል ብዬ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ ጨመርኩበት፣ ከዛ ወዲህ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ምንም ጽሑፍ አያሳይም። ፎርማት አስደረግኩት፣ ያው ነው። ጥገና ቤት ስወስደው ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል ቀይረው አሉኝ። የሰርግ ሰሞን እየደረሰ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማዘርቦርዱን (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ትልቁን ሰሌዳ) እንዳትገዛ! ቢያንስ አሁን። የተበላሸ ማዘርቦርድ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይነሳም ወይ ደግሞ በፈለገው ሰዓት ያስቸግራል፣ ያንተ ግን ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲያሠራህ ውሎ ከባድ ሥራ ስትሰጠው ብቻ ነው የሚጠፋው፣ ችግሩም የጀመረው ካርዱ ከገባ በኋላ ነው። እኔ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ከሶኬት የመጣውን ኃይል ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሳጥን ነው።

እስቲ አብረን እንደምር። ካርዱ ብቻውን 185 ዋት ገደማ ይበላል፣ የዛ ጀነሬሽን የዴስክቶፕ አይ5 ብዙዎቹ 84 ዋት ናቸው፣ ይሄ ብቻ 269 ሆነ፣ ሃርድ ዲስኩ ፋኑ ራሙ ማዘርቦርዱ ሲጨመር 300 ያልፋል። አሁን የኬዙን ጎን ክፈትና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ፣ እንዲህ አይነት የቢሮ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው 300 ያልሞላ ቁጥር ነው፣ ያውም አዲስ እያለ የሚሰጠው፣ ስንት ዓመት ሠርቶ የመጣ ዕቃ መሆኑን አትርሳ። ጭነቱ ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ይዘጋል፣ ለዛ ነው ምንም ሳይነግርህ ድርግም የሚለው።

ሌላ የምፈራልህ ነገር አለ፣ ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ የራሱ የኃይል ገመድ ይፈልጋል፣ የቢሮ ማሽን ላይ ያ ገመድ ብዙ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ከዲስክ ገመድ በአዳፕተር ቀጥለውልህ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለህ መሰኪያውን እየው፣ ፕላስቲኩ ከጠቆረ ወይ የመቃጠል ሽታ ካለው ዛሬውኑ መጠቀም አቁም፣ እሳት ነው የሚያመጣው።

ምርመራው በነጻ ነው። ከሶኬት ንቀል፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይውጣ፣ የኬዙን ብረት ነካ አድርግና ካርዱን አውጣው። የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካ (ፕሮሰሰርህ የራሱ ግራፊክስ ካለው ምስል ይሰጥሃል፣ የቢሮ ማሽኖች ላይ አብዛኞቹ አላቸው) ከዛ ያንኑ ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርግ፣ ቀስ ይላል ግን ሳይጠፋ ከጨረሰ ጥርጣሬው ካርዱና ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው ማለት ነው። ያለ ካርድም ከጠፋ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ተመልከት፣ 100 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስ ከሆነ አቧራውን አስጠርግና ቴርማል ፔስቱን (ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን) አስቀይር። ፓወር ሰፕላዩን ግን ራስህ እንዳትከፍተው፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቀራል።

ጥርጣሬዬ ልክ ከሆነ ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ፓወር ሰፕላዩን በ500 ዋት መቀየር ነው፣ ግን ከመግዛትህ በፊት ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን መሰኪያ ቁጠር፣ ከቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ የተለመደውን ባለ 24 ፒን አይቀበሉም፣ የራሳቸው አላቸው፣ አዳፕተር ሊያስፈልግህ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን የማደርገው፣ ካርዱን ሸጦ ትርፍ ገመድ የማይፈልግ መውሰድ ነው፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይ 1650 በ75 ዋት ይሠራሉ፣ ያንን ደግሞ ከማዘርቦርዱ ስሎት ያገኙታል። ስትገዛ ግን ካርዱ ላይ የኃይል መሰኪያ አለመኖሩን አይተህ ውሰድ፣ አንዳንዱ ሞዴል አለው። አቅሙ ከ580 ያንሳል፣ ግን ሰርጉን ሳይጠፋ ይጨርስልሃል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይህ ሳጥን) ካለህ ደግሞ ሌዘር ፕሪንተር እንዳትሰካበት፣ ሲሞቅ በአንዴ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ትንሹ ዩፒኤስ አይችለውም። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀልና ተመልሶ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ታገስ፣ ፓወር ሰፕላይ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በመምጫው ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ዴስክቶፔ ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ 8 ጊጋ ራም ገዛሁለት ግን ስሎቱ ውስጥ አልገባም አለ። በኃይል ልጫነው?

መልስ፦ እህቴ በፍጹም! የገዛሽው ዲዲአር4፣ ማሽንሽ የሚቀበለው ደግሞ ዲዲአር3 የሚባለውን የቀድሞውን የራም ዓይነት ይመስለኛል፣ መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ቦታው ይለያያል፣ የሚፈልጉት ቮልቴጅም አንድ አይደለም፣ ዲዲአር3 1.5፣ ዲዲአር4 1.2 ቮልት ነው። ነካክተሽው ሳይቆሽሽ ቶሎ መልሺው። በዛ ብር ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) እንድትገዢበት ነው የምመክርሽ፣ ታስክ ማናጀር ከፍተሽ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ካየሽ ራም ብትጨምሪም ያው ነው የሚሆነው። የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደህና ቀኑ በሰከንድ 150 ሜጋ ባይት ቢያነብ ነው፣ ኤስኤስዲ በዛው የዲስክ (ሳታ) ገመድ 500 አካባቢ ያነባል፣ ትናንሽ ፋይሎች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም በጣም ይሰፋል። አሮጌውን ዲስክ አትጣዪው፣ ፋይል ማስቀመጫ ይሁንሽ።

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሬ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሲነሳ ኤፍ1 ተጫን ይለኛል፣ ኢሜይል ስከፍት ደግሞ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል። ቫይረስ ነው ብለውኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ቫይረስ አይመስለኝም። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፣ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ እሷ አልቃ ነው የሚሆነው። ድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፍኬታቸውን የሚያመሳክሩት ከኮምፒውተርዎ ቀን ጋር ስለሆነ ቀኑ ሲሳሳት ኢሜይሉ አልከፍትም ይላል። ባትሪዋ ርካሽ ናት፣ የሰዓትና የመኪና ቁልፍ ባትሪ የሚሸጡ ሰዎች ጋር አትጠፋም። ከሶኬት ነቅለው፣ ጽሑፍ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርገው ይተኳት። ከዛ በፊት ግን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው የሳታውንና የቡቱን (የዲስኩንና የአነሳሱን) ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ ባትሪዋ ስትወጣ አቀማመጡ ሊቀየር ይችላል፣ ዊንዶውስ አልነሳም ካለ ፎቶውን እያዩ እንደነበረ መልሱት።