ለአባታችን ተዝካር በሬ እንረድ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አባቴ ቁሉቢ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ስድስት ልጆች በማሽላና በድንች አሳድገው ካረፉ አርባ ቀናቸው ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀረው። እኔ ድሬዳዋ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ መሬቱን ታናሽ ወንድሜ ይዟል። አጎቶቼ «አርሶ ያበላን ሰው እንዲህ በዋዛ አይሸኝም፤ አንዱን በሬ እንረድ፣ የጎደለውን ተበድረን ድንኳን እንጣል፤ ያለዚያ ነፍሱ አታርፍም» ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ የአባትህን ነፍስ ይማር። በሬው አይታረድ።

«ነፍሱ አታርፍም» የሚለውን ቃል በየለቅሶ ቤቱ እሰማዋለሁ። ክፋት አስበው አይደለም የሚሉት፤ ሐዘንተኛን ግን ከሐዘኑ በላይ ያስጨንቀዋል። ነፍስ በድንኳን ስፋት፣ በሥጋ ብዛት አትማርም። ምሕረት የእግዚአብሔር ናት፤ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐትና በቅዳሴ ትለምናለች፣ ቤተሰብም በሟች ስም የተራበ ያበላል። ጌታ «ግብዣ ባደረግህ ጊዜ ድሆችን ጥራ» ያለው እኮ ብድር ሊመልስ የሚችለውን እንዳንጠራ ነው (ሉቃ. 14፥12-14)። እኛ ጋ ግን ድንኳኑን የጠገበ ሰው ይሞላዋል፤ ነዳያን አጥር ሥር ትራፊ ይጠብቃሉ። ይህን ተዝካር ብዬ ልጠራው አልችልም።

የበሬውን ነገር ደግሞ አጎቶችህ ገበሬ ናቸውና ያውቁታል። ከጥማዱ አንዱ ከታረደ የቀረው ብቻውን አያርስም። ወንድምህ መቀናጆ ፍለጋ ሲዞር የማሽላው ዘር ጊዜ ያልፍበታል፤ ብድሩ ደግሞ ይጠብቀዋል። ሕጉ የድሃን ወፍጮ በመያዣ እንኳ መውሰድን የከለከለው የሰውዬው ነፍስ በእርሱ ላይ ስለሆነች ነው (ዘዳ. 24፥6)። ለገበሬ በሬውም እንዲሁ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖቱን ክዷል ይላል (1 ጢሞ. 5፥8)፤ አባትህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ቃል በጉልበታቸው ሲፈጽሙ ኖረዋል። የደከሙበትን ቤት በስማቸው ዕዳ ውስጥ መክተት ለእርሳቸው መታሰቢያ አይሆንም።

አሁን የሚደረገውን ልንገርህ። ከሁሉ በፊት የክርስትና ስማቸውን አጣራ። ብዙ ልጆች አባታቸውን በመጠሪያ ስሙ ብቻ ያውቁታል፤ በጸሎቱ የሚነሣው ግን የክርስትና ስሙ ነው። እናትህን ወይም የንስሐ አባታቸውን ጠይቅ። ፍትሐቱንና ቅዳሴውን አጥቢያው ካህናት ጋ ሄደህ ከአሁኑ አስይዝ፤ ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ እንደ አቅምህ ውሰድ። አርባውን ቀን የምትቆጥሩትም ከካህኑ ጋር ይሁን፤ ዘመድ በየፊናው እየቆጠረ በቀን ሲጣላ አይቻለሁ።

ለነዳያን ዳቦና ንፍሮ ይበቃል፤ ጾምም ሆነ ፍስክ አያስቸግርም። 20 ኪሎ ዱቄት ወደ 27 ኪሎ ዳቦ ይወጣዋል፤ ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ ብትቆርሱ መቶ ሰው ይዳረሳል። ንፍሮውን ስንዴና ሽንብራ አድርጋችሁ ማታ ዘፍዝፉ፣ የምትቀቅሉት ግን ሌሊት ላይ ይሁን። ቁሉቢ ብርድ ነው፣ ምንም አይል፤ ድሬዳዋ ላይ ከሆነ ግን ማታ የተቀቀለ ንፍሮ በሙቀቱ እስኪነጋ ይሻግታል። ሰዉ ከቅዳሴ ሳይበተን፣ ነዳያንን አስቀምጣችሁ፣ ልጆቹ ራሳችሁ በእጃችሁ አድሉ።

የአባትህ የማሳ ጎረቤቶች ሙስሊሞች እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ አብረዋችሁ አልቅሰዋልና እንዳትረሷቸው። ሥጋ ከሌለ የማዕድ መለያየትም አይኖርም፤ ቡና አፍሉላቸው፣ ዳቦውን አብረው ይቁረሱ።

አጎቶችህን በክርክር አትግጠማቸው። የንስሐ አባታቸውን ይዘህ ሂድና ይህንኑ እርሳቸው ይንገሯቸው። ሰፋ ያለ ነገር ካሰኛቸውም ለሙት ዓመቱ ይደርሳል፤ እስከዚያ ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ይገባል።