ሽንት ቤቱን ወደ መስኮቱ ስለማዞር ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ቤቱ ጅማ ነው፣ ፎቅ የለውም። መቀመጫው በሩ ሥር ስለተጣበቀ ሁለት ሜትር ያህል ወደ መስኮቱ ልታዞሪው ፈልገሻል። ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ «ቱቦውን ባለው ወለል ላይ ዘርግተን ወለሉን ከፍ እናደርጋለን» ብሎሻል። አብረውሽ የሚኖሩት እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ማዞሩ ይቻላል። ሠራተኛሽ ባለው መንገድ ግን አይሁን።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሽንት ቤት ፍሳሽ ቱቦ ባለ 110 ነው፣ 11 ሴንቲ ማለት ነው። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ቁልቁለት ከተሰጠው ለሁለት ሜትር 4 ሴንቲ ይፈልጋል። ከላይ ሲሚንቶና ሴራሚክ ሲጨመርበት ወለሉ ወደ 20 ሴንቲ ይነሳል። በሩ ላይ ደረጃ ተሠራ ማለት ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ እርጥብ ሴራሚክ ላይ፣ ለሚያማቸው ጉልበት! «እንግዲያው ቁመቱን ለመቀነስ ቀጭን ቱቦ እናስገባ» ቢልሽም እሺ እንዳትይ። ባለ 50 ለእጅ መታጠቢያና ለሻወር ነው። ለሽንት ቤት ከሆነ መደፈኑ አይቀርም።

እኔ ሄርማታ አካባቢ የቤተሰቦቼን ቤት ሳሳድስ ወለሉን ሳንነካ ነው የጨረስነው። መስኮት ያለበት ግድግዳ የውጭ ግድግዳ ነው አይደል? ታዲያ ፍሳሹ ለምን ክፍሉን አቋርጦ ወደ ድሮው ቀዳዳ ይመለሳል? ግድግዳውን በስቶ በቀጥታ ግቢ ይውጣ። ለዚህ የሚሆነው መቀመጫ አፉ ወደ ኋላ የሆነው ነው፣ ሱቅ ውስጥ ፒ-ትራፕ የሚሉት። ወደ ታች የሚወርደው ኤስ-ትራፕ ይባላል፤ ያንን ከገዛሽ ወለሉን መስበርሽ ነው። የፒ-ትራፑ አፍ መሃሉ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ 18 ሴንቲ ከፍ ይላል። ግን ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት መቀመጫውን ገዝተሽ ቦታው ላይ አስቀምጪና አስለኪ። ሴራሚኩ የሚጨምረውን ውፍረትም አብራችሁ አስቡት፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ግቢ ውስጥ ያለው ሥራ ነው ዋናው። ቱቦው ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ፖዘቶው (መክደኛ ያለው የፍሳሽ መቀበያ ጉድጓድ) ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ሲሄድ ቁልቁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በዓይን መገመት አይሠራም፣ ውሃ ልክ ይያዝ። መታጠፊያው ላይ አንድ ባለ 90 ኤልቦ ከማስገባት ሁለት ባለ 45 ይሻላል። እዚያው ጋ የሚከፈት መክደኛ ይኑረው፤ አንድ ቀን ሲደፈን ሽቦ የምታስገቢው በሱ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናቧን ታውቂያታለሽ። ክረምት ላይ የተቆፈረ ቦይ ጭቃ ነው የሚሆነው። ጭቃ ላይ የተኛ ቱቦ አፈሩ ሲረጋ መሃሉ ይጎብጣል፣ ጎባጣው ላይ ቆሻሻ ይተኛል። ስለዚህ ቁፋሮውን ለበጋ አድርጊው፣ ከሥሩ አሸዋ ይነጠፍለት። የጣሪያ ውሃም ወደ ሴፕቲኩ እንዳይገባ። አዌቱ ወንዝ ዳር ያሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ያለዚያም ከርሰ ምድር ውሃ ያስቸግራቸዋል።

ሽታን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አየር ማስወጫ ቱቦ «አያስፈልግም» የሚል ሠራተኛ ሞልቷል። ያስፈልጋል። ከሌለ ውሃ ሲለቀቅ የሌሎቹን መታጠቢያዎች የትራፕ ውሃ፣ ማለትም ጎባጣው ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ሽታን የሚያግደውን ውሃ፣ ይስበዋል፣ ከዚያ ቤቱ መሽተት ይጀምራል። ባለ 50 ቱቦ ከጣሪያ በላይ ይውጣ። አንቺ ጋ ደግሞ መስኮቱ እዚያው ስላለ መስኮቱ አጠገብ እንዳይቆም ተቆጣጠሪ። የድሮው ቀዳዳም በጨርቅና በጭቃ ሳይሆን በራሱ መክደኛ ታሽጎ ከላዩ ሲሚንቶ ይግባበት። ያለዚያ በረሮው ከሴራሚክ ሥር ነው የሚመጣልሽ።

ስፋቱን ብዙ አልልም፤ ከመቀመጫው መሃል እስከ ጎን ግድግዳ ቢያንስ 38 ሴንቲ፣ ከፊት ለፊቱ 60 ሴንቲ ነፃ ይሁን። ለእናትሽ የእጅ መያዣ ብረት ካሰብሽ ግን አሁን ነው የሚታሰበው። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብሎን አይዝም። መያዣው የሚገባበት ቦታ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት በኮንክሪት ይሞላ።

ፎቅ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ይሄን አትከተሉ። ሶሌታ (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) መብሳት ኢንጂነር ሳያየው የሚነካ ነገር አይደለም።

ቦዩ ከመሸፈኑ በፊት የቱቦውን ጫፍ አስደፍኚና ውሃ ሞልታችሁ ቢያንስ ለአንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት ከጎደለ መገጣጠሚያው ያፈስሳል። ሜትር ዘርግተሽ ፎቶም አንሺ፣ ወደፊት ቱቦው የት እንዳለ ትፈልጊዋለሽ። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚህ በኋላ ስጪ።

አንድ ያልነገርሽን ነገር አለ። ግቢሽ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለ? ካለ ሴፕቲኩና አዲሱ ቦይ ከሱ ምን ያህል ይርቃሉ? የፍሳሽ ማስረጊያ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ነው የሚባለው። ከመስኮቱ እስከ ፖዘቶው ያለውንም ርቀት ለክተሽ ጻፊልኝ፣ ቁልቁለቱ ይበቃ እንደሆነ እናሰላዋለን።