"ሴት የነዳቻት ቪትዝ" ላይ ቀብድ ልክፈል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ መኪና ግን ገዝቼ አላውቅም። ከዕቁብ ያገኘኋት ብር ለአሮጌ ቪትዝ ትበቃለች። ደላላው ያሳየኝ መኪና ቀለሟ የሚያብለጨልጭ ነው። "ሴት የነዳቻት፣ ከቤትና ከሥራ ሌላ የማታውቅ" ይለኛል። ሻጩ የሚሸጠው በውክልና ነው። ቀብድ ልክፈል? ከጀሞ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ብርህን ያዝ። ወንድ የነዳት መኪና የሚሸጥ ደላላ እስካሁን አላየሁም።

በቪትዝ አልከራከርህም። ነዳጅ ቆጣቢ ናት፣ ዕቃዋ ሱማሌ ተራ ሞልቷል፣ የማያውቃት መካኒክ የለም። በርካሽ አገኛለሁ ብለህ ግን አትጠብቅ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለው ያው አሮጌው ነው፣ ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

እኔን ያሳሰበኝ ውክልናው ነው። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) በማን ስም ነው? ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል? ወካዩስ በሕይወት አለ? ሰውየው ከሞተ ውክልናውም አብሮ ያበቃል፣ አንተ ደግሞ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትመላለሳለህ። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል። የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለባት ፋይሏ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ አጣራ። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ሳትፈራረም ዋናውን ብር እንዳትለቅ። "እዚሁ በምስክር እንጻጻፍና እንገላገል" ካለህ ጥለኸው ሂድ።

መኪናዋን ለማየት ጠዋት ሂድ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሣው። አሙቀው ከጠበቁህ የሚደብቁት ነገር ሊኖር ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት ትበላለች። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና ከሥሩ እይ፤ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተጋገረበት ውሃ ከዘይት ሳይቀላቀል አልቀረም፣ ቴስታዋን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጠርጥር። ትንሽ ማግኔት በኪስህ ይዘህ በሮቿና ኮፈኗ ላይ አስጠጋ። አልይዝ ያለበት ቦታ ሥር ስቱኮ (መሙያ ልስን) አለ፣ ማለት ተጋጭታ ሳትሠራ አልቀረችም። (ፓራውልቱ፣ ማለትም የፊትና የኋላ መከላከያው ላይ አትሞክር፣ ፕላስቲክ ነው።) ኪሎ ሜትሩን አትመን፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማና የመሪው መላላጥ የተሻለ ይነግሩሃል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስህ አስተያይ።

መካኒክ የራስህን ይዘህ ሂድ፣ ደላላው የሚጠራልህን ሳይሆን። ብሩንም አታሟጥጥ፦ ስም ማዛወሪያ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎ (ዓመታዊ የምርመራ ተለጣፊ)፣ ጎማ፣ ባትሪ ይጠብቁሃል።

ወደ ቀብዱ ስንመጣ፣ በሕጉ ሐሳቡን የቀየረ ገዢ ቀብዱን ያጣል፣ የቀየረ ሻጭ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱንና ሞተሩን ካየህ በኋላ ከሆነ ክፈል፣ ግን ትንሽ ይሁን፤ "ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘ ይመለሳል" የሚል መስመርም በጽሑፍ አስገባበት።