የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዋጋ ሲንር የቤት እድሳት ይቆይ ወይስ ይጀመር?

በዚህ ወር ከጎንደር የደረሱን ደብዳቤዎች ጭንቀታቸው አንድ ነው። የግንባታ ዕቃ በየሳምንቱ ይጨምራል፤ እድሳቱን እንተወው ወይስ ያለንን ይዘን እንግባበት? አራቱን መርጠን መልሰናል። የብር ዋጋ አልጻፍንም፤ መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ያረጃልና። መጠኑን እኛ እንሰጣለን፣ ዋጋውን በዕለቱ ከሱቅ ጠይቃችሁ አባዙት።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ 6 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ የጭቃ ቤት አለኝ። ቆርቆሮው 25 ዓመት አልፎታል፤ ባለፈው ክረምት በሦስት ቦታ አፍስሶ ኮርኒሱን አበላሽቶታል። ጣሪያውን ለመቀየር፣ ወለሉን ሴራሚክ ለማስነጠፍና ማዕድ ቤቱን ለማስፋት ቋጥሬ ነበር። አሁን ብሩ ለሦስቱም አይበቃም። ዋጋው እስኪረጋጋ ልጠብቅ?

መልስ፦ ሦስቱን ሥራ በአንድ ሒሳብ አይያዙት። ሴራሚኩና ማዕድ ቤቱ ቢቆዩ ይወደዳሉ እንጂ አይበላሹም። ጣሪያው ግን ቢቆይ ዋጋውም ይጨምራል፣ ሥራውም ይበዛል። በሚስማር ቀዳዳ የገባ ውኃ መጀመሪያ የሚያገኘው ሞራሌውን፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበትን እንጨት ነው። ሞራሌው ሲርስና ሲደርቅ ከርሞ ሚስማሩን መያዝ ያቅተዋል፤ ሚስማሩ ሲላላ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ቀዳዳውም ይብስበታል። ውኃው ወደ ግድግዳው አናት ከወረደ ደግሞ ጭቃው ከማገሩ ይላቀቃል፣ የቋሚው ሥር ይበሰብሳል፣ እርጥብ እንጨት የሚወድ ምስጥም ይከተላል። ዘንድሮ የቆርቆሮ ሥራ የነበረው ለከርሞ የእንጨትና የግድግዳ ሥራ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

«እስኪረጋጋ» ስላሉት ደግሞ፣ ዕቃው ሁሉ በአንድ ምክንያት አይወደድም። ቆርቆሮ አገር ውስጥ ቢመረትም የሚሠራበት የብረት ጥቅል ከውጭ ይገባል፤ ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃም ምንዛሪን ይከተላሉ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ለውጥ በኋላ የእነዚህን ዋጋ ወደ ኋላ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ለእኛ አይታየንም። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ባህር ዛፍና የእጅ ዋጋ ግን ነዳጅንና የእህል ገበያን ይከተላሉ፤ ወቅትም አላቸው። የቀን ሠራተኛው ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ እጅ ይጠባል። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ እንግዳ የሚጠብቅ ሁሉ ቤቱን ስለሚያስቀባ ቀለም ቀቢ ይጠፋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ለጣሪያ ይሻላል፤ ደረቅ ነው፣ ክረምቱም ሳይደርስ ይጨርሳሉ።

ሙሉ በሙሉ ከመቀየርዎ በፊት ይመርምሩ። ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ወደ ኮርኒሱ በላይ ገብተው መብራቱን ያጥፉ፤ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ እንደ ኮከብ ይታያል። ከሥሩ ያለውን እንጨት በጠመኔ ያመልክቱ። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ ሞራሌውን ይጫኑት፤ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ ሞቷል። ዝገቱ ኮልሞው (የጣሪያውን አናት የሚሸፍነው ቆርቆሮ) አካባቢና በጥቂት ረድፍ ብቻ ከሆነ፣ እንጨቱም ጤነኛ ከሆነ፣ እነዚያን ረድፎች ብቻ መቀየር በቂ ነው። ያን ጊዜ የድሮውን ቆርቆሮ ቁራጭ ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ፤ የሞገዱ ስፋት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በግምት የተገዛው ካሮጌው ጋር አይገጥምም፣ በመካከሉም ውኃ ይገባል። ቀዳዳን በሬንጅ መድፈን ለአንድ ክረምት ያገለግል ይሆናል እንጂ ጥገና ብለን አንቆጥረውም።

ሙሉውን ከቀየሩ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በየአቅጣጫው 50 ሴንቲሜትር ታዛ ሲጨመር ቤትዎ 7 በ9 ይሆናል። መካከለኛ ተዳፋት ላለው ባለ ሁለት ክንፍ ጣሪያ ከኮልሞ እስከ ታዛ 3.70 ሜትር ገደማ ነው። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ 20 ሴንቲሜትር ተደራርቦ ሁለቱ 3.80 ይሸፍናሉ። ስፋቱ 80 ሴንቲሜትር ከሆነና ሲደራረብ 70 ከቀረ፣ ለ9 ሜትር 13 ረድፍ ያስፈልጋል። 13 በ2፣ እንደገና በ2 ሲባዛ 52 ይሆናል፤ ለሚበላሽ 2 ጨምረው 54 ይግዙ። ኮልሞ 5፣ አሸንዳ በሁለቱም በኩል 18 ሜትር። የቆርቆሮውን ስፋት ራስዎ በሜትር ይለኩ፤ አምስት ሴንቲሜትር ልዩነት ብቻ አንድ ረድፍ ያስጨምራል።

በጌጅ፣ ማለትም በቆርቆሮው የውፍረት ቁጥር ላይ አይቆጥቡ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ከ32፣ 32 ከ30 ይሳሳል። የሳሳው ሠራተኛ ሲረግጠው ይጎደጉዳል፣ በጎደጎደው ላይ ውኃ ይተኛል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። 30 ወይም 28 ያስገቡ፤ ብሩ ካልበቃ ሴራሚኩ ይቅር። ሚስማሩ ወይም ብሎኑ ከነጎማው በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ፤ በጎድጓዳው ላይ የተመታ ሚስማር ውኃ በሚሄድበት መንገድ ላይ ቀዳዳ መክፈት ነው።

አሸንዳውን «በኋላ» እንዳይሉት። በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲሜትር ዝቅ እያለ ይታሰር። አንድ ጥሩ የሐምሌ ዝናብ 20 ሚሊሜትር ቢጥል ከዚህ ጣሪያ 1,000 ሊትር ገደማ ይሰበሰባል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ግድግዳዎንም ከፍንጥቅጣቂ ያድንልዎታል። ሮቶ ካቆሙ መቀመጫው ይጠንክር፤ ባለ 2,000 ሊትሩ ሲሞላ 2 ቶን ይመዝናል።

ሴራሚክ በወደዱት ዋጋ ካገኙ ገዝተው ማስቀመጥ ይችላሉ፤ አይበላሽም። ለ48 ካሬ 53 ካሬ ይያዙ፤ በካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ይሁን፤ አለበለዚያ ቀለሙ ይለያያል። ማንጠፉ ከጣሪያው በኋላ ነው።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ይወደዳል ብዬ በመጋቢት 12 ኩንታል ሲሚንቶ ገዝቼ ሰርቪስ ቤት ውስጥ አስቀምጫለሁ። ግንባታው ግን ከመስከረም በኋላ ነው። አተረፍኩ?

መልስ፦ አላተረፉም፤ ግን አሁንም ማዳን ይቻላል። ሲሚንቶ አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት እየሳበ በከረጢቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። በደህና መጋዘን እንኳ በሦስት ወር አንድ አምስተኛ ገደማ፣ በስድስት ወር ወደ ሲሶ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። በመካከሉ የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ አሉ።

የምንመክርዎ ከክረምት በፊት አሁን ለሚገነባ ጎረቤት ወይም ዘመድ ማበደር ነው። «12 ኩንታል ሰጥቻለሁ፣ በጥቅምት አዲስ 12 ኩንታል እቀበላለሁ» ተብሎ በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር ይፈረም። በብር ሳይሆን በኩንታል ይጻፍ፤ የዋጋ ጭማሪው ያን ጊዜ አይነካዎትም።

የሚያበድሩት ካጡ ከረጢቶቹን በእንጨት ርብራብ ላይ ከወለሉ 15 ሴንቲሜትር፣ ከግድግዳው 30 ሴንቲሜትር አርቀው ይደርድሩ፤ ከ10 ከረጢት በላይ አይደራረብ፤ ላዩን በላስቲክ ያልብሱት። ጥቅምት ላይ ሳይፈትሹ አይጠቀሙ። ጓል ቢያገኙ በጣት ጨምቀው ይዩ፤ ከፈረሰ ደህና ነው፣ ካልፈረሰ ይጣል። ጓሉን በመዶሻ ፈጭቶ መቀላቀል የተለመደ ስህተት ነው፤ የጠነከረ ሲሚንቶ ቢፈጭም ከአሸዋ አይሻልም። ቀጥሎ ጥቂቱን በውኃ ወፍራም አድርገው ያቡኩት፣ እንደ ትንሽ ዳቦ ጠፍጥፈው በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው አንድ ቀን ያሳድሩት። በማግስቱ ጥፍር ካስገባ ለዓምድና ለቢም አይሆንም፤ ለሊሾ ሥርና ለአጥር ልስን ያውሉት።

ቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ከፈለጉ ፌሮ ይግዙ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የላይ ዝገት አይጎዳውም። ቆርቆሮም ይቀመጣል፣ ግን ተጋድሞ ተደራርቦ ውኃ ከገባበት በመካከሉ ነጭ ዝገት ስለሚይዝ ዘመም አድርገው ያቁሙት። አሸዋ ጎርፍ እንዳይወስደው ዙሪያውን በድንጋይ ይከልሉ። ሲገዙም በፕላስቲክ ጠርሙስ ይፈትኑት፦ 10 ሴንቲሜትር አሸዋ፣ ውኃ፣ ቁንጥር ጨው፤ ነቅንቀው ያሳድሩት። ከላይ የተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊሜትር ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ቢቆይ የሚሻለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፦ ባህር ዛፍ። እርጥብ አጣና ከተመታ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ይለቃል። ልጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ጥላ ሥር 2 እና 3 ወር ያድርቁት።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ለጣሪያ አቅም የለኝም። ቢያንስ ክረምቱ ሳይገባ የጭቃ ግድግዳዬን በሲሚንቶ ላስለስነው?

መልስ፦ ይተዉት። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ እንደዚያ አይንቀሳቀስም። ስንጥቅ ያወጣል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፣ በአንድ ሁለት ክረምት ልስኑ እንደ ሳንቃ ተገንጥሎ ይወርዳል። የዶሮ ሽቦ ቢመታበት መውደቁን ያዘገየዋል፤ እርጥበቱ ግን ውስጥ እንደታፈነ ይቀራል።

በዚያ ብር የግድግዳውን እግር ያድኑ። ከውጭ በኩል 50 ሴንቲሜትር ከፍታ በድንጋይ ያስገንቡ፤ ከሥሩ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ከቤቱ ወደ ውጭ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ የሚል መረማመጃ ይነጠፍ፤ ውኃው በቦይ ይሂድ። ከላይ ያለውን ግድግዳ ክረምቱ ሲወጣ በጤፍ ጭድ ጭቃ ያስመርጉ። አፈሩ መረሬ (ጥቁር አፈር) እንዳይሆን፤ መረሬ ሲደርቅ ይተረተራል። ጭቃው ጭዱ እስኪለሰልስ በየቀኑ እየተረገጠ ይቡካ። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ። ማሳረጊያው ኖራ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ አካባቢ)፦ ባለሙያው ከነዕቃው ዋጋ ሰጥቶኝ በሳምንቱ ጨመረብኝ። የእቁብ ዕጣዬም ገና አራት ወር ይቀረዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ከነዕቃው መዋዋል ለሁለታችሁም አይበጅም። ባለሙያው እንዳይከስር ፈርቶ አብዝቶ ይጠራል፤ ከከሰረ ደግሞ በጌጅና በሲሚንቶ ላይ ይቀንሳል። ዕቃውን ራስዎ ይግዙ፤ ከእርሱ ጋር በእጅ ዋጋ ብቻ፣ በካሬ ሜትር ይዋዋሉ። ዕቃ ሲገዙ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይቀበሉ፤ ዋጋው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና ይጻፍበት።

እቁቡን በተመለከተ፣ ቀደም ያለ ዕጣ የደረሰው ሰው ዕጣውን የሚሸጥ ከሆነ ይደራደሩ። የሚጠይቀው ማካካሻ በአራት ወር ከሚጠብቁት ጭማሪ ካነሰ ያዋጣዎታል። ይህ የሚሆነው ግን ብሩ በወጣበት ሳምንት ወደ ቆርቆሮና ፌሮ ከተለወጠ ነው፤ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ማካካሻውንም ጭማሪውንም ይከፍላሉ።

ክፍያው በሥራው ደረጃ ይሁን። ሲጀምር 20 በመቶ፣ እንጨቱ ሲያልቅ 40፣ ቆርቆሮው ሲመታ 30። ቀሪው 10 በመቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እስኪዘንብበት በእጅዎ ይቆይ፤ ይህም በውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። ዝናቡ ገና ሩቅ ከሆነ ባለሙያው ባለበት አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ሁለት ጀሪካን ውኃ ከኮልሞው ጀምሮ በዝግታ ያፍስ፤ እርስዎ ከሥር በባትሪ ይመልከቱ። ጠብ ያለበትን ሞራሌ በጠመኔ አመልክተው እዚያው ያስተካክልልዎት።