አሮጌ ኮምፒውተር እጃችሁ ሲገባ ከመሰካታችሁ በፊት

ልጆች፣ ሰሞኑን አሮጌ ኮምፒውተር አገኘን ምን እናድርገው የሚል ጥያቄ ከሁለት ሦስታችሁ መጥቶልኛል፣ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። እኔ ሰላሳ ምናምን ዓመት ኤሌክትሮኒክስ ስጠግን ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ እዚህ ካሊፎርኒያ አንድ ትንሽ ሙዚየም ውስጥ በነፃ አግዛለሁ፣ ሰው ከጋራዡ ጥግ አውጥቶ የሚያመጣው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ለእይታ ይቅረብ አይቅረብ የሚለውን ከሌሎቹ ጋር ሆነን እናጣራለን።

አንዷን ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ፣ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ይሠራ ይሆን እንዴ የሚለው ጉጉት ይገባኛል፣ እኔም አንድ ጊዜ ጉጉቱ አሸንፎኝ ሰክቼ ፖወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የሚመጣውን መብራት ለማሽኑ የሚያመቻቸው ክፍል) ውስጥ የነበረው የወረቀት ካፓሲተር፣ ማለት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ ፈንድቶ ክፍሉን በጭስ ሞልቶታል። የነዚህ ካፓሲተሮች ሽፋን በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ይገባል፣ ከዛ መብራት ሲያገኙ ይቃጠላሉ። አርባ ዓመት ጠፍቶ የቆየ ዕቃ ሌላ ሁለት ወር ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት አሮጊት ሴት የሟች ባለቤታቸውን ዕቃ ሲያስተካክሉ ያገኙትን የቆርቆሮ ሳጥን አመጡልን፣ ፊቱ ላይ ስምንት ትንንሽ መብራት ተደርድሯል፣ ከስሩ የሚጫኑ ቁልፎች አሉ፣ ስም የለውም፣ የስም ታርጋ የነበረበት የሚመስል አራት የቡሎን ቀዳዳ ብቻ። ሁላችንም ልባችን ዘለለ፣ ምክንያቱም ኬንባክ 1 ሊሆን ይችላል ብለን ነው።

ኬንባክን ለማታውቁት፣ ጆን ብላንከንቤከር የሚባል መሐንዲስ የሠራው ማሽን ነው፣ ስሙንም ያወጣለት ከራሱ የቤተሰብ ስም መሀሉን ቆርጦ በመውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣለት፣ ዋጋው 750 ዶላር ነበር። ሚሞሪው 256 ባይት ነው፣ ማለት ይቺ አሁን የምታነቧት አንቀጽ እንኳ አትገባበትም። ማይክሮፕሮሰሰር፣ ማለት የኮምፒውተሩን የማስላት ሥራ አንድ ላይ የያዘ ቺፕ፣ የለውም፣ የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው የኢንቴል 4004 ለገበያ የወጣው በዛው ዓመት ኅዳር ገደማ ስለሆነ አልደረሰበትም፣ ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት ከመቶ በላይ ትንንሽ ቺፖች ናቸው። ስክሪን የለ፣ ኪቦርድ የለ፣ ቁልፉን እየተጫናችሁ ቁጥር በቁጥር ታስገባላችሁ መልሱን ከመብራቶቹ ታነባላችሁ። ተማሪ ፕሮግራም እንዲማርበት ታስቦ የተሠራ ነው፣ ግን ትምህርት ቤቶች እስኪወስኑ ጊዜ ፈጀ መሰለኝ፣ የተሠራው ከ50 አይበልጥም። በኋላ በ1980ዎቹ ቦስተን የነበረው የኮምፒውተር ሙዚየም የድሮ የግል ኮምፒውተር ያላችሁ አምጡ ብሎ ውድድር አወጀ፣ ከዳኞቹ አንዱ ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር፣ እና የመጀመሪያው የግል ኮምፒውተር ብለው የመረጡት ይሄንኑ ኬንባክን ነው። እስከዛ ድረስ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር።

እና አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በ1973 ሲቲአይ የሚባል ድርጅት ማሽኑን ገዝቶ 5050 ብሎ ሌላ ስም ሰጥቶ ለመሸጥ ሞክሯል። ያው ማሽን ሁለት ስም አለው ማለት ነው። ስለዚህ ታርጋው አለመኖሩ ወይም ሌላ መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ቺፕ ላይ አራት አሃዝ ቁጥር ይጻፋል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ሁለተኛዎቹ ሳምንቱ ናቸው፣ 7138 ካለ የ1971 38ኛ ሳምንት ነው። ጽሑፉ በጣም ደብዝዟል፣ ማጉያ መነጽር ይዤ አንዱ ላይ 7432 የሚል አነበብኩ። 1974! ሲቲአይ ከገዛው በኋላ የወጣ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ቅጹ ላይም ሲቲአይ 5050 ብዬ ሞላሁ፣ ሰውም ማውራት ጀመረ።

ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ኮሌጅ የምትማር አንዲት የኛው አገር ልጅ ልታግዝ መጣች፣ ባትሪውን ከጎን አስጠግታ በሰያፍ አበራችበትና "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቀኑ አይደለም፣ የቺፑ ስም ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። 74 ብለው የሚጀምሩ ሎጂክ ቺፖች አሉ፣ 7432 ከነሱ አንዱ ነው፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ፊደሎች ስለጠፉ ነው ቀን የመሰለኝ። እኔ ይሄን ቺፕ ስንት መቶ ጊዜ በእጄ ነቅዬ ተክያለሁ፣ ግን ኬንባክ እንዲሆን ስለፈለግኩ ዓይኔ የፈለግኩትን አነበበ። ከላይ ያለውን ቦርድ በካቻቢቴ ፈትተን ስናነሳ ደግሞ ከስሩ ባለ አርባ እግር 8080 ማይክሮፕሮሰሰር ተቀምጧል። ኬንባክ ውስጥ ማይክሮፕሮሰሰር የሚባል የለም፣ አለቀ።

እና ክዳኑ በውስጥ በኩል የቀለም ቀቢ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ በእርሳስ የሽቦ ቀለም ዝርዝር ተጽፎበታል፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን ቆሻሻ ነው ብዬ በአልኮል ልጠርገው አልኮሉን አውጥቼ ነበር፣ ስልክ ጠርቶ ነው የተወኩት። ሴትዮዋ ጋ ደወልን። ባለቤታቸው ማታ ማታ ከእራት በኋላ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ራሱ የሠራው ነው አሉን፣ ደብተሩም የቺፕ ደረሰኞቹም ቤታቸው አሉ። ያመጡት ቀን እኮ እኛ አመሰግናለሁ ብለን አስፈርመን ነው የሸኘናቸው፣ ይሄ ዕቃ የማን ነበር ምን ይሠራበት ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ዕቃውን የሰጣችሁን ሰው ቁጭ አድርጋችሁ ቡና አፍልታችሁ ጠይቁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፅ ቅረጹ፣ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ።

አገር ቤት ያላችሁት ደግሞ፣ መሥሪያ ቤት የሚያስወግደው አሮጌ ዕቃ ላይ በቀለም የተጻፈ የንብረት ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ለመሸጥ ሲባል ቶሎ ይፋቃል። እባካችሁ አትፋቁት። የትኛው ክፍል እንደነበር፣ መቼ እንደተመዘገበ ወደ መዝገቡ የሚወስዳችሁ እሱ ቁጥር ነው፣ ከፋብሪካው ታርጋ ያላነሰ ዋጋ አለው። የጠጋኝ ሶልደርም እንደዛው፣ በኋላ የተቀየረ ቺፕ ስላያችሁ ዕቃው ፎርጅድ ነው አትበሉ፣ ቺፑ ላይ ያለው ቀን የሚነግራችሁ ከዛ በፊት እንዳልተገጠመ ብቻ ነው።

ከዕቃው ጎን ለጎብኚ የሚቀመጠውን ካርድ ስትጽፉ ደግሞ "የመጀመሪያው" የሚለውን ቃል ፍሩት። ፈረንሳዮች በ1973 ሚክራል ኤን የሚባል በ8008 ማይክሮፕሮሰሰር የሚሠራ ማሽን አውጥተዋል፣ አሜሪካኖቹ የ1975ቱን አልቴር 8800 ያነሳሉ፣ ኬንባክ ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል ግን ማይክሮፕሮሰሰር የለውም። በምን የመጀመሪያው እንደሆነ ካልጻፋችሁ ጎብኚው የተሳሳተ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ያ ሳጥን አሁን ለእይታ ቀርቧል። ክዳኑ ተከፍቶ ፕላስተሩ እንዲታይ አድርገናል፣ ከጎኑ ደብተሩ ኩሽና ውስጥ የተሳለው የሽቦ ንድፍ ያለበት ገጽ ላይ ተገልጧል። ካርዱን የጻፈችው ያቺው ልጅ ናት፣ የሠራውን የሟቹን ስም ከላይ አድርጋ፣ "በእጅ የተሠራ፣ አንድ ብቻ" ብላ።