አገረ ገዥው ከሥልጣን ቢለቁ ማን ይተካቸዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለዜግነት ፈተና ሳጠና ከታላቅ ወንድሜ ጋር ክርክር ገጠምን። እሱ የግዛቱ አገረ ገዥ በዘመኑ መካከል ቢለቅ አዲስ ምርጫ ይጠራል ይላል፤ እኔ ምክትሉ ይተካል እላለሁ። ማን ልክ ነው? አገረ ገዥው ቢታመሙስ? ምክትሉ ከተኩ፣ ያ ጊዜ ከሁለቱ የሥልጣን ዘመን ገደብ ይቆጠርባቸዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዛሬ ባለው ሕግ የረቱት እርስዎ ነዎት። ክርክሩ ከ1970 በፊት ተነሥቶ ቢሆን ግን ሁለታችሁም አትረቱም ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የ1864ቱ የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ምክትል አገረ ገዥ ነበረው፤ በ1867 የወጣውና እየተሻሻለ ዛሬም የሚሠራበት ሕገ መንግሥት ግን ሹመቱን ስላስቀረው ግዛቱ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ምክትል ኖረ። በጥር 1969 አገረ ገዥ ስፒሮ አግኒው የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን ሲለቁ፣ ተተኪውን የመረጠው ሕዝቡ ሳይሆን የግዛቱ ምክር ቤት ነበር፤ የመረጠውም የተወካዮች ምክር ቤቱን አፈ ጉባኤ ማርቪን ማንደልን ነው። አግኒው ሪፐብሊካን፣ ማንደል ዴሞክራት ስለነበሩ የግዛቱ አስተዳደር አንድ መራጭ እንኳ ድምፅ ሳይሰጥ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ተሻገረ። ሕጉ አልተጣሰም፤ እኔ ግን ጉድለቱ ከሕጉ ነበር እላለሁ። በ1970 በተደረገው ማሻሻያ የምክትልነቱ ሹመት ተመለሰ፤ አገረ ገዥውና ምክትሉም በአንድ ድምፅ አብረው የሚመረጡ ሆኑ።

አሁን በአንቀጽ 2 ክፍል 6 መሠረት ሥልጣኑ ክፍት ከሆነ ምክትሉ እስከ ዘመኑ ማብቂያ ድረስ ሙሉ አገረ ገዥ ይሆናሉ። ሁለቱም ሹመቶች በአንድ ጊዜ ክፍት ቢሆኑ ግን ምክር ቤቱ በጋራ ስብሰባ ከ188 አባላቱ በአብላጫው፣ ማለትም ቢያንስ በ95 ድምፅ፣ አገረ ገዥ ይመርጣል፤ እስከዚያው የሴኔቱ ፕሬዚዳንት በተጠባባቂነት ይሠራሉ። ወንድምዎ የሚሉት የሕዝብ ምርጫ እዚህም የለም።

ሕመምን በተመለከተ መልሱ የተለየ ነው፤ ጊዜያዊ አለመቻል ሥልጣንን ክፍት አያደርግምና። በሰኔ 1977 ማንደል፣ በሙስና ክስ ተይዘው ጤናቸውም ታውኮ ሳለ፣ ለምክትላቸው ለብሌር ሊ ደብዳቤ ጻፉ፤ በዚያች ደብዳቤ ብቻ የእርስዎ ከተማ ተወላጅ የሆኑት ሊ ተጠባባቂ አገረ ገዥ ሆኑ። ማንደል በዚያው ዓመት ተፈርዶባቸው ከሥራ ቢታገዱም ይግባኙ ስላላለቀ ከሥልጣን አልተሻሩም፤ ስለዚህም ሊ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በተጠባባቂነት ቆዩ እንጂ አገረ ገዥ አልሆኑም። በጥር 1979 የይግባኝ ችሎት ፍርዱን ሲሽረው ማንደል ሌላ ደብዳቤ ጽፈው የቀድሞውን ሻሩና ሥልጣናቸውን መልሰው ያዙ፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ፣ ከ45 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ተመራጩ ሃሪ ሂዩዝ ቃለ መሐላ ፈጽመው ተረከቧቸው። (ፍርዱ በኋላ በድጋሚ ጸንቶ፣ በ1987 መልሶ ተሰርዟል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።)

አገረ ገዥው ደብዳቤ መጻፍ እንኳ የማይችሉ፣ ወይም የማይፈልጉ ከሆነ፣ ከአባላቱ ሦስት አምስተኛው፣ ማለትም 113ቱ፣ በአካል ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሥራቸውን መፈጸም እንደማይችሉ በውሳኔ ያሳውቃሉ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው፦ ገደቡ የተጣለው በሕዝብ ድምፅ በተገኙ ሁለት ተከታታይ ዘመናት ላይ በመሆኑ፣ ምክትሉ በመተካት ያገለገሉበት ጊዜ አይቆጠርባቸውም።