ስጎ ላይ የግሪኩን፣ ቦሎቄ ላይ የሜክሲኮውን

ኦሬጋኖ ከሚባሉት የቅመም ቅጠሎች ለፓስታ ስጎሽ የግሪኩን ተጠቀሚ። እህትሽ የላከችልሽን የሜክሲኮውን ለቦሎቄና በርበሬ ለበዛበት ሥጋ አስቀምጪው፤ እሱ ጠንከር ይላል።

የደረቀውን በመዳፍሽ መሃል አሸት አሸት አድርጊና ቲማቲሙ መንተክተክ ሲጀምር ጨምሪው። ለ4 ሰው 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከበዛ ይመራል። እርጥብ ቅጠል ካገኘሽ 3 የሻይ ማንኪያ ከትፈሽ፣ ድስቱን ልታወርጂ ስትይ ጣል አድርጊበት።

«ሲያልቅብኝ ደብረ ማርቆስ ገበያ ምን ይተካልኛል?» ላልሽው፣ ጦስኝ። ከግሪኩ ጋር ሁለቱም የናና ቤተሰብ ናቸው፣ ሽታቸውም ይቀራረባል። እንጨት እንጨቱን ግን ልቀሚ፣ ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል።

ኮሰረት ግን እንዳትሞክሪ። የሜክሲኮው ኦሬጋኖ የኛው ኮሰረት የቅርብ ዘመድ ነው። እኔም ዘመድ ከሆነማ ብዬ አንድ ቀን ስጎ ውስጥ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ። ቤቱ ቅቤ የሚነጠርበት መሰለ። ልጄ ሳህኑን አሽትቶ «እማዬ፣ ክትፎው የት አለ?» አለኝ። ፓስታውን ማንም አልጨረሰውም።